ሁለት ድንጋዮች

እኛ የየካ አባዶ ልጆች የታሪክን ትምህርት ግማሹን የምንማረው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ቀልድ አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወርደን፣ ተሰልፈንና ተጋፍተን፣ የእንጦጦን ሰንሰለት በስተቀኝ እያየን ኮተቤንና ላምበረትን አልፈን መገናኛ እንደርሳለን። ከዚያ ታክሲ ነው። ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ይጠራል፤ ሾላን፣ እንግሊዝ ኤምባሲንና ቀበናን ይዞ ያወጣናል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ኪስ ከፈቀደ በታክሲ፣ ካልፈቀደ በእግር። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የምንከራከረው አናጣም፤ የምንጽፈው ግን ትንሽ ነው። ይህችን እንኳ የጻፍናት በክርክር ተሸንፈን ነው።

ክርክሩ እንዲህ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ በዋሽንግተን ከተማ ለማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመርቆ የቆመውን፣ ቁመቱ 9 ሜትር የሚያህለውን የድንጋይ ሐውልት በሥዕል አይቶ ኖሮ፣ «እኛ ጋ ለሰው መብት የታገለ ሰው ሐውልት የት አለ?» አለ። ለንጉሥ አለ። ለጳጳስ አለ። ለሰማዕታት አለ፤ ያውም ከዩኒቨርሲቲያችን ፊት ለፊት። ካርል ማርክስም ከግቢያችን ብዙ ሳይርቅ ጺሙን አንዠርግጎ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ጓዱ ሌኒን እንኳ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተነቅሎ ወደቀ እንጂ የራሱ ነበረው። «ለዜጎች መብት ታስሮ፣ ተርቦ፣ ተገርፎ ለኖረ ሰው ግን አንድም የለም» ብሎ ደመደመ። ሁላችንም ዝም አልን። ታክሲው ቀበና ድልድይ ላይ ሲደርስ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጆቼ፣ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ አታዩም? አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ እዚያ ተኝተዋል፤ ለኛ ሲሉ ከገዛ አገራቸው ጋር የተጣሉ» አሉን።

ሄድን። ደግሞ ለማየት ያህል እንጂ ብዙ ተስፋ አልነበረንም።

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአራት ኪሎ ጥቂት እርምጃ ነው። ጎብኚው ሁሉ የሚጣደፈው ወደ ውስጥ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን የድንጋይ ሣጥን ለማየት። ደጁ ላይ ያሉት የአርበኞችና የባለሥልጣናት መቃብሮች መተላለፊያ ሆነዋል። ከእነርሱ መካከል፣ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ አንዲት እንግሊዛዊት ዐርፈዋል፤ ሲልቪያ ፓንክረስት። አዲስ አበባ ሲኖሩ ሰው «ሚስ ፓንክረስት» ይላቸው ስለ ነበር እኛም እንደዚያው እንበል። አንድ ዘበኛ ከሩቅ ሲመለከተን ቆይቶ «የማናቸው ዘመድ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ምን ብለን እንመልስ?

በዚህች ጽሑፍ ልንል የፈለግነው ስለዚህች መቃብርና ስለ ሌላ አንድ ድንጋይ ነው። ሌላው ድንጋይ ያለው በሎንዶን ዳር ነው፤ ያቆሙት ደግሞ እኚሁ ሴት ናቸው። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ታሪክ የእንግሊዝ ታሪክ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የኛም ነው።

ሚስ ፓንክረስት የተወለዱት በማንቸስተር ከተማ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 ነው። ቀኑን አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የተደረገው ትግል መሪ ነበሩ። ልጅቷ በሥዕል ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ሠዓሊ ነበሩ፤ ለማኅበሩ ዓርማውንና ጌጡን ይሥሉ ነበር። ኋላ ግን ብሩሹን ጥለው ወደ አደባባይ ወጡ። ታሰሩ። ከእስር ቤት ምግብ አልበላም አሉ። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያን ጊዜ የሚራቡትን ሴቶች እጅና እግራቸውን አስይዞ በጎማ ቱቦ በግድ ያበላ ነበር፤ ሚስ ፓንክረስት ይህን ግፍ እ.ኤ.አ. በ1913 በተደጋጋሚ ቀምሰውታል። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ሕግ ደግሞ ነበር፤ እስረኛዋ በረሃብ ልትሞት ስትል ትፈታለች፣ ትንሽ ስታገግም እንደገና ትያዛለች። ሕዝቡ «የድመትና የአይጥ ሕግ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ብቻ ይበቃል።

እዚህ ላይ ለኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመው ነገር ከእናታቸው ጋር የተጣሉበት ምክንያት ነው። እናትና ታላቅ እኅት ትግሉን የተማሩና የሀብታም ሴቶች ትግል አድርገው ለማቆየት ፈለጉ። ሚስ ፓንክረስት ግን የሎንዶንን ምሥራቅ ሠፈር፣ የወደብ ሠራተኞችንና የልብስ ሰፊ ሴቶችን መንደር መረጡ። ከወዛደሩ ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመሽ ተናገርሽ ተብለው እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ከእናታቸው ማኅበር ተባረሩ። የራሳቸውን ጋዜጣ አቋቋሙ። በዚያ ጋዜጣ ላይ እ.ኤ.አ. በ1920 ጥቁሩን የጃማይካ ደራሲ ክሎድ መኬይን ቀጥረው አሠሩ፤ አንድ ሌላ ጋዜጣ ጥቁር ወታደሮችን የሚያዋርድ ጽሑፍ አውጥቶ የመኬይን መልስ አላትምም ሲል እርሳቸው አተሙለት። በዚያው ዓመት ሩሲያ ሄዱ፤ ከሌኒን ጋር ተከራከሩ፤ ሲመለሱም በጋዜጣቸው ላይ በወጣ ጽሑፍ የተነሣ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። በዓመቱ ደግሞ የእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ ራሱ «ጋዜጣሽን ለኛ ካላስረከብሽ» ብሎ አባረራቸው። እንግዲህ ቆጥራችሁ ድረሱበት፤ እናታቸው አባረሯቸው፣ መንግሥት አሰራቸው፣ ፓርቲው አባረራቸው። የማይመች ሰው ናቸው። የሚመች ሰው ደግሞ በማያውቀው አገር ጉዳይ ሃያ ዓመት አይጮኽም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ድንጋይ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቫ የዓለም መንግሥታት መሣሪያ ለመቀነስ ተሰብስበው ነበር። ቦምብ ከአይሮፕላን መጣል ፈጽሞ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀረበ። እንግሊዝ ግን ራቅ ባሉ ግዛቶቼ ጸጥታ ለማስከበር ያስፈልገኛል አለች። ራቅ ያሉ ግዛቶች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለኛ ማብራሪያ አያሻንም፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በጎረቤታችን በሶማሌ ምድር የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰንን ሠራዊት ከሰማይ የደበደቡት እነዚሁ አይሮፕላኖች ነበሩ። ሚስ ፓንክረስት በዚህ ተቃጠሉ። በሎንዶን ዳር ዉድፎርድ በሚባል ሠፈር፣ በመኖሪያቸው አጠገብ ባለች መሬት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ሐውልት አስቆሙ። ኤሪክ ቤንፊልድ የተባለ ቀራጺ የሠራው ይህ ሐውልት አፍንጫውን ወደ ምድር የደፋ የድንጋይ ቦምብ ነው። ወዲያው ጥቃት ደረሰበት። በዓመቱ በ1936 እንደገና አቆሙት።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ምፀት ነው። ሐውልቱ የተበረከተው ለተደበደቡት አይደለም፤ በ1932 የቦምብ መጣልን መብት ላስከበሩት ሹማምንት ነው! «እናንተ ናችሁ ያቆማችሁት» እንደ ማለት። በዓለም ላይ ሐውልት ሲቆም የሚወደድ ሰው ይመሰገንበታል፤ ይህ ግን የሚሰድብ ሐውልት ነው። ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ መኪና በአጠገቡ ያልፋል።

በዓመታቱ ውስጥ የሆነውን ደግሞ ከኛ ወገን እንመልከት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ድንኳንና ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከዚያ በሰሜን ግንባር ሁሉ የመርዝ ጢስ ዘነበ። በሎንዶን ዳር የቆመችው የድንጋይ ቦምብ ገና ሳትጠነክር የእውነቱ ቦምብ በወሎና በትግራይ ገበሬ ላይ ወረደ። ሚስ ፓንክረስት ትንቢት ተናገሩ አንልም። የተናገሩት ሒሳብ ነው፤ መሣሪያውን የፈቀደ ሰው ተጠቃሚውን አይመርጥም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወጡ። ከተማው ተዘረፈ፤ ተቃጠለ። ጧት ጧት በታክሲ የምናልፈው ያ የየካው የእንግሊዝ ግቢ፣ ያን ሰሞን ከሺህ በላይ የውጭ አገር ሰዎች ተጠልለውበት ነበር፤ የህንድ ሲክ ወታደሮች በሩን እየጠበቁ። ለሀበሻው የሚሆን ግንብ አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 5 ነው። የሚስ ፓንክረስት የልደት ቀን፤ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላቸው። የልደታቸውን ኬክ ቆርሰው እንደሆነ እንጃ፤ የምናውቀው ግን በዚያ ቀን ስም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ መውጣቱን ነው፤ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»። አገሪቱ ወደቀች በተባለበት ዕለት የአገሪቱን ስም የያዘ ጋዜጣ ተወለደ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱትም በዚያው ቀን ነው። መቼስ ታሪክ አንዳንዴ እንደ ደራሲ ይሆናል፤ እኛ በልቦለድ ብንጽፈው ማን ያምነናል?

ጋዜጣው ሃያ ዓመት ኖረ። ማተሚያ ቤት የለው፣ ባለጸጋ የለው። አብረዋቸው የኖሩትና የደከሙት ሲልቪዮ ኮሪዮ የተባሉ ጣሊያናዊ ስደተኛ ነበሩ፤ በሕትመት ሥራ ያደጉ፣ ፋሺዝምን የሚጠሉ። (ከጣሊያን ጋር ስንጣላ ከጣሊያናዊ ጋር አልተጣላንም ማለት ነው።) ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ሎንዶን ዋተርሉ ጣቢያ ሲደርሱ ከተቀበሏቸው መካከል ሚስ ፓንክረስት ነበሩ። ሰኔ 23 ንጉሡ በጄኔቫ ተናገሩ፤ ዓለም አጨበጨበና ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1938 የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ወረራ በሕግ አወቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ መጻፍ ስለ ሞተ ሰው እንደ መጻፍ ነበር። ሚስ ፓንክረስት ግን በየሳምንቱ ጻፉ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉበት ግቢ የዛሬው ስድስት ኪሎ ግቢያችን፣ ያን ጊዜ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ የተፈጀው ሰው ብዛት በኢትዮጵያ መንግሥት አቆጣጠር 30,000 ነው። ይህን ወሬ ጣሊያን ሊያፍነው ሲሞክር በየሳምንቱ የምስክሮችን ቃል ያተመው ያ የድኻ ጋዜጣ ነበር። ፋሺስቶቹ ራሳቸው ለመታሰቢያ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ይኖር የነበረውና ጭፍጨፋውን በዓይኑ ያየው የሐንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ቃሉን የሰጠው ለእርሳቸው ጋዜጣ ነው። ዛሬ የታሪክ ክፍል ተማሪ ስለ የካቲት 12 ሲጽፍ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሦስተኛ ድንጋይ መጥቀስ ግድ ነው፤ የሚያሳፍር ድንጋይ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሮማ ብዙ በማትርቅ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለዚያው ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀ፤ በሕዝብ ገንዘብ። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ወንጀል አንድም ቀን ፍርድ ቤት ቆሞ ሳይጠየቅ ነው የሞተው። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ይህን የሚቃወሙ ሰዎች በስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ተሰብስበው ሰልፍ ሊወጡ ሲሉ ፖሊስ ይዞ አሰራቸው። ሰማዕታቱን የሚያከብር ሐውልት ሥር ስለ ሰማዕታቱ መጮኽ አስቸገረ ማለት ነው። ሚስ ፓንክረስት ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? እኛ እንገምታለን፤ ምናልባት በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር። ሐውልት ማለት ተቆርቋሪ ከሌለው ድንጋይ ብቻ ነው።

ከነጻነት በኋላ ያለው ምዕራፍ በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን እምብዛም አይነሣም። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ሲገቡ ኢትዮጵያን ነጻ ያወጡ ወዳጅ ብቻ ሆነው አልገቡም፤ ከጠላት የተያዘ ግዛት አድርገው ሊያስተዳድሩ የፈለጉ ነበሩ። ኦጋዴን እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በእጃቸው ቆየ። በኤርትራም የወደብ ዕቃዎችንና ሕንፃዎችን እየነቃቀሉ ሲወስዱ ሚስ ፓንክረስት እዚያው ድረስ ሄደው አይተው፣ ተመልሰው በመጽሐፍና በበራሪ ወረቀት አጋለጡ። የእንግሊዝ የስለላ ክፍል ፋይል ከፍቶባቸው ይከታተላቸው እንደነበር ኋላ ከተከፈቱት ሰነዶች ታውቋል። የስድሳ ዓመት አሮጊት! የሰውነታቸው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለናል፤ የጣሊያንን ፋሺስት መጥላት ለእንግሊዛዊ ቀላል ነው፤ የገዛ መንግሥትን ቅኝ ገዥነት በገዛ ቋንቋ መክሰስ ግን ወጪ አለው።

የልዕልት ፀሐይ ነገርም አለ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በስደት ሎንዶን ሳሉ ነርስነት ተምረው ነበር፤ ወደ አገራቸው በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1934 ዓ.ም. በወለጋ ዐረፉ። ሚስ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ አገር እየዞሩ ገንዘብ ለመኑ። በዚያን ጊዜ ሎንዶን ራሷ በጀርመን ቦምብ ፈርሳ ምግብ በካርድ ይታደል ነበር። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ይህ እንግዲህ ከዉድፎርዱ ቦምብ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ የሚስ ፓንክረስት ሌላው ሐውልት ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ያክማል። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለወጠ፤ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ዛሬ ባቡሩ የሚቆምበት «ጦር ኃይሎች» የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ስንቱ ሰው እዚያ ወርዶ ይሄዳል፤ ልዕልቲቱንም ለማኟንም የሚያነሣ የለም።

በ1948 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ኮሪዮ ከሞቱ በኋላ፣ ሚስ ፓንክረስት ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ መጡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። ስለ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ሆስፒታሎች፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ጥንታዊ ሥዕል ይጽፉ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኛ እርስ በርሳችን የተጣላነው። ከመካከላችን አንዷ እንዲህ አለች፦ «በአገራቸው ንጉሥን የሚቃወሙ፣ ስለ ወዛደር እስር ቤት የገቡ ሴት፣ እኛ አገር መጥተው ስለ ገባሩ አንዲት መሥመር ጮክ ብለው ያልጻፉት ለምንድን ነው? ሲሶ አራሹ የሰውን መሬት እያረሰ አዝመራውን ሲያካፍል አላዩም? ወይስ የቤተ መንግሥት እንግዳ ሆኑ?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ዝም ብለን «ውለታቸው ብዙ ነው» ብለን ልናልፈው አንችልም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ከዚሁ ግቢ የወጡት ታላላቆቻችን ይህንን ጥያቄ ቢሰሙ ማጨብጨባቸው አይቀርም ነበር።

ሌላው ደግሞ ተነሥቶ ተቃወመ። «ሰውን በዘመኑ መዝን» አለ። የሚስ ፓንክረስት ጠላት ፋሺዝም ነበር፤ ያ ንጉሥ ደግሞ ፋሺዝም ያባረረው ንጉሥ ነው፤ በዓይናቸው የነበረው ምስል ዋተርሉ ጣቢያ የወረደው ስደተኛ እንጂ በዙፋን የተቀመጠው ሰውዬ አልነበረም። አንድ ጊዜ በስደት ያዩትን ሰው በሥልጣን መመርመር ይከብዳል። በዚያ ላይ ለሴቶች የሠሩት ትንሽ አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ ከዚያ በኋላ በተደረገውም ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ፓርላማ ሲገቡ፣ የመቃብራቸው ቦታ ከፓርላማው የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት መሆኑን አስታወሰን።

«እሱማ ነው» አለች የመጀመሪያዋ፤ «ግን እንግሊዝ ውስጥ ያን መብት በረሃብና በእስር፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ግማሹን፣ በ1928 ሙሉውን፣ ነጥቀው ነው የወሰዱት። እኛ ጋ በወረቀት ተሰጠን። ፓርቲ የለ፣ ጋዜጣ የለ። ይህን ልዩነት ከእርሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል?»

የኛ ፍርድ፣ ፍርድ ከተባለ፣ በመካከል ነው። ዝምታቸው ዝምታ ነው፤ በነጭ ቀለም አንቀባውም። ነገር ግን ዝም ያሉት አንድ ጉዳይ ላይ ሲሆን የጮኹት ሃያ ዓመት ነው፤ የጮኹትም የኛ ሰው ድምፅ በማይሰማበት አዳራሽ ነው። ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል። ታሪክ ጸሐፊ አንዱን ጥሎ አንዱን ካነሣ ሐውልት ሠሪ ሆነ ማለት ነው።

ሚስ ፓንክረስት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐረፉ። የመስቀል በዓል ዕለት ነው። ከተማው ደመራ አቃጥሎ አመዱን በግንባሩ ምልክት አድርጎ በሚውልበት ቀን። ቀብራቸው የመንግሥት ቀብር ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኙ። በሃይማኖት የማያምኑ ሴት ስለነበሩ፣ በካቴድራሉ ግቢ ለመቅበር የክርስትና ስም ያስፈልግ ነበርና ወለተ ክርስቶስ ተባሉ። ፈገግ አላስባላችሁም? ዕድሜ ልካቸውን ከእናት፣ ከመንግሥትና ከፓርቲ «አንቺ የኛ አይደለሽም» ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ በስተመጨረሻ የተቀበላቸው የማያምኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ያውም ከአርበኞች ጎን።

ከቀብሩ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ በንጉሡ ላይ ተነሣ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። የአራት ኪሎ አስፋልት በታንክ ተቆፈረ። ሚስ ፓንክረስት ያን አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ያ የመካከለኛ ፍርዳችን ወደ አንዱ ወገን ያጋድል ነበር፤ ሞት ግን ከዚያ ፈተና አዳናቸው፣ ወይም ነፈጋቸው።

ልጃቸው ሪቻርድ ግን አየ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። ተቋሙ ያለበት ሕንፃ ያው የቀድሞው ገነተ ልዑል ነው፤ እናቱ በጋዜጣቸው ደጋግመው የጻፉለት የየካቲት 12 ቦታ። ልጅ ከእናት በሁለት ነገር ተለየ፤ እሳቸው ይጮኻሉ፣ እሱ ይቆጥራል። የዋጋ ዝርዝር፣ የረሃብ ዓመታት፣ የከተማ ካርታ፣ የመድኃኒት ታሪክ። ነገር ግን የአክሱም ሐውልት ከሮማ እንዲመለስ በተደረገው ትግል ውስጥ የእናቱ ድምፅ ወጣበት፤ ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመለሰ። ሪቻርድ ፓንክረስት የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው በሥላሴ ነው። (አንዴ አንተ አንዴ አንቱ ማለታችንን አንባቢ ይቅር ይበለን፤ ወጣቱን ሪቻርድ አንቱ ማለት፣ ሽማግሌውን ፕሮፌሰር አንተ ማለት አልሆንልን ብሎ ነው።)

በእንግሊዝ አገር የእናቲቱ የኤመሊን ሐውልት ከፓርላማው አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1930 ቆሟል። የታላቅ እኅታቸው ምስልም ኋላ ከእናቱ ጋር ተጨመረ። ለሲልቪያ ከፓርላማው አጠገብ ሐውልት ይቁም የሚለው ሐሳብ በተነሣ ጊዜ ግን ቦታ በማጣት ለዓመታት ተንከባለለ። ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ንጉሥንም፣ ጦርነትንም፣ ቅኝ ግዛትንም የተቃወመች ሴት በድንጋይም ሆና ታስቸግራለች። እኛ ጋ መቃብር አላቸው፣ በስማቸው የተሰየመ መንገድም አለ። ያም ሆኖ ከጓደኞቻችን ለሃያዎቹ ያህል «ሲልቪያ ፓንክረስት ማን ናት?» ብለን ብንጠይቅ፣ አብዛኞቹ «የፕሮፌሰሩ ሚስት» አሉን። ሁለቱ «የመንገድ ስም» አሉ። አንዱ ብቻ በትክክል መለሰ፤ እሱም ያቺ እናት በታክሲ ሲነግሩን አጠገባችን ተቀምጦ የነበረ ነው።

ከሥላሴ ስንወጣ መሽቶ ነበር። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ መጥቶ፣ «ዘመዳችሁን አገኛችኋቸው?» አለን። አገኘን አልነው። ከአራት ኪሎ የመገናኛ ታክሲ ተሳፍረን የቀበናን ቁልቁለት ወረድን፤ ዳገቱን ስንወጣ የእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ከዛፎቹ ጋር ብቅ አለ። ያ መንገድ በካርታ ላይ የተጻፈ ስም አለው፤ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ከዘመቱት አርበኞች አንዱ የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም ነው። እንግሊዞቹ ያሉበት መንገድ በአርበኛ ስም! ሚስ ፓንክረስት ይህን ቢያውቁ ደስ ይላቸው ነበር ተባባልን። ከመካከላችን አንዱ ሊሞክር ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ወራጅ! ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ላይ!» አለ።

ረዳቱ ዞር ብሎ አየው። «እሱ የት ጋ ነው?»

«እዚህ። አሁን ያለንበት።»

«እንግሊዝ ኤምባሲ አትልም እንዴ ታዲያ?» አለና በሩን ከፈተለት። ልጁ ግን አልወረደም፤ ቤቱ እንደኛው የካ አባዶ ነው።